ዓሣን ለማዳን ዓሣን ማጥፋት፤ የየሎውስቶን ሐይቅ ነገር

አንድ መሥሪያ ቤት አንድን ውሳኔ በአንድ ቀን ይፈርማል፤ የውሳኔው ውጤት ግን መቼ እንደሚታይና ዕዳውን ማን እንደሚከፍለው ፈራሚው ሳያውቅ ያልፋል። ይህን እውነት በግልጽ ከሚያሳዩት የዘመናችን ጉዳዮች አንዱ፣ ሲሰሙት ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በሰሜን አሜሪካ ተራሮች መካከል በሚገኝ አንድ ሐይቅ ውስጥ የሚኖሩት የሁለት ዓይነት ዓሦች ነገር ነው። በዚያ ሐይቅ ላይ የአሜሪካ መንግሥት አንደኛውን ዓሣ ለማዳን ሲል ሁለተኛውን በመረብ እያጠመደ ማጥፋት ከጀመረ እነሆ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ወይም አልፎት ይገኛል። ሥራው ግን ዛሬም አላለቀም።

ነገሩ የዓሣ አጥማጆች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ እንዲወጣ ባላስፈለገ ነበር። ዳሩ ግን ጉዳዩ የመንግሥትን ሥራ ለሚጀምር ወጣትና በትምህርት ላይ ላለ ተማሪ ትልቅ ጥያቄ ይዟል። ይኸውም በቅን ልቡና የተሠራ ስሕተት ከመቶ ዓመት በኋላ ሲገለጥ የማረም ኀላፊነቱ የማን ነው? ኀላፊነቱስ እስከ ምን ድረስ ይዘልቃል? የሚል ነው። ይህን ለመመርመር አስቀድሞ ሐይቁንና ዓሣውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ሐይቁና የአገሩ ዓሣ

የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1872 ሲሆን፣ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ እየተባለ ይጠራል። አብዛኛው ክፍሉ ያለው በዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ነው። በፓርኩ መካከል የሚገኘው ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,357 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ይተካከላል ማለት ይቻላል። የአየሩ ጠባይ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ሐይቁ በታኅሣሥ ገደማ በበረዶ ይሸፈናል፤ በረዶው የሚቀልጠውም በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ነው። ስፋቱ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ120 ሜትር ይበልጣል።

በዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የኖረው የየሎውስቶን ከትስሮት ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አንገቱ የታረደ» እንደ ማለት ነው፤ ስያሜው የወጣለትም ከመንጋጋው በታች ደም የመሰለ ቀይ መሥመር ስላለው ነው። ይህ ዓሣ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በውሃው ላይኛው ክፍልና በዳር በዳሩ ነው። በረዶው ቀልጦ ጅረቶቹ ሲሞሉ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ላይ ይጓዝና በጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህ ጠባዩ ላይ ነው። ዓሣው በየዓመቱ ጥልቀት ወደሌለው ጅረት ስለሚወጣ ለድቡ፣ ለንስሩና ለሌላውም አውሬ እንደ ተዘረጋ ማዕድ ሆኖ ይቀርብላቸዋል።

በዝንብ አምሳያ ማጥመድ

ይህን ዓሣ ፈልገው ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በዝንብ አምሳያ በማጥመድ ዘዴ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ኤሊያን የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የዶሮ ላባ አስረው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፎ ነበር። ዛሬም የሥራው መሠረት ያው ነው። በመንጠቆው ላይ የሚታሰረው ትል ወይም ሥጋ ሳይሆን፣ ከላባ፣ ከፀጉርና ከክር ተሠርቶ ዝንብ ወይም ሌላ የውሃ ነፍሳት የሚመስል ነገር ነው። ይህ አምሳያ ክብደት ስለሌለው ብቻውን ሊወረወር አይችልም፤ ክብደቱ ያለው በገመዱ ላይ ነው። አጥማጁ ረጅሙን ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲያወዛውዘው ገመዱ እንደ ጅራፍ ይዘረጋና ቀላሉን ዝንብ ይዞት ይሄዳል።

በወንዝ ላይ ሲሆን ዓሣው በአንድ ስፍራ ቆሞ ወራጁ ውሃ የሚያመጣለትን ምግብ ይጠብቃል። በሐይቅ ላይ ግን ወራጅ ስለሌለ ዓሣው ራሱ ዳር ዳሩን እየዞረ ምግቡን ይፈልጋል። ስለዚህ በየሎውስቶን ሐይቅ ዳር የሚቆም አጥማጅ ከመወርወር ችሎታው ይልቅ የማየት ችሎታው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ዓሣው ነፍሳት ሲለቅም በውሃው ፊት ላይ የሚወጣውን ክብ ምልክት ይመለከታል፤ ወዴት እንደሚጓዝም ይገምታል፤ ከዚያም ዝንቡን ዓሣው ካለበት ሳይሆን ሊደርስበት ካለው ስፍራ ላይ ያሳርፋል። ጀማሪው ትልቅ ዓሣ በጥልቁ ውስጥ ይኖራል ብሎ እስከ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ዓሣው ከበስተኋላው በዳሩ በኩል ያልፋል። በዚህ ምክንያት ይህ ሥራ ለችኩል ሰው አይሆንም።

ከትስሮት ተንኰል የማያውቅ የዋህ ዓሣ ነው። ከሐይቁ በሚወጣው በየሎውስቶን ወንዝ ላይ ተደርጎ በ1986 ታትሞ በወጣ ጥናት፣ አንድ ዓሣ በአንድ የማጥመጃ ወራት ውስጥ በአማካይ ከ9 ጊዜ በላይ እየተያዘ እንደሚለቀቅ ተገምቷል። ተይዞ ከመለቀቁ የተነሣ የሚሞተው ግን ከሺህ 3 ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ በጥንቃቄ የተለቀቀ አንድ ዓሣ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ የተገደለ ዓሣ ግን ለአንድ ሰው ብቻ፣ እሱም ለአንድ ቀን ነው።

ሰዎች ይህን የተረዱት ብዙ ጉዳት ካደረሱ በኋላ ነው። ከ1899 እስከ 1957 ድረስ ከፓርኩ ትራውቶች ከ800 ሚሊዮን በላይ እንቁላል ተሰብስቦ በሌላ ስፍራ እንዲራባ ተልኳል። በሐይቁ መውጫ ላይ ባለው ድልድይም ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ያጠምዱ ነበር። በመጨረሻ በ1973 ከድልድዩ ላይ ማጥመድ ተከለከለ፤ አንድ ሰው ሊወስድ የሚችለውም የዓሣ ብዛት ተወሰነ። ከዚህም የተነሣ ዓሣው አገገመ። በ1978 ክሊር ክሪክ በሚባለው በአንዱ ጅረት ብቻ ከ70,000 በላይ ዓሣ ሊራባ ወጥቶ ተቆጠረ። በዚያ ጊዜ የነበረ ባለሥልጣን የሐይቁ ጉዳይ ተቃንቷል ብሎ ቢያምን አያስገርምም።

ሁለተኛው ዓሣ ከየት መጣ?

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፓርኩን ያስተዳድር የነበረው የጦር ሠራዊቱ ነበር። በፓርኩ ውስጥ ካሉት ውሃዎች ብዙዎቹ ከፏፏቴ በላይ የሚገኙ በመሆናቸው ዓሣ ሊደርስባቸው ስላልቻለ ባዶ ነበሩ። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ዓሣ የሌለበት ሐይቅ ጦም እንዳደረ እርሻ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ የዓሣ ኮሚሲዮን በ1890 ታላላቅ ሐይቆች ከሚባሉት ወገን የሆነውን ሌክ ትራውት የተባለ ዓሣ አምጥቶ በሉዊስና በሾሾኒ ሐይቆች ውስጥ ጨመረ። ሥራው በሕግ የተፈቀደ፣ በባለሙያ የተፈጸመ፣ ለጎብኚው ደስታና ለአገሩ ጥቅም የታሰበ ነበር።

ሌክ ትራውት እጅግ ትልቅ ሊሆን የሚችል፣ ረጅም ዕድሜ የሚኖርና ሌላ ዓሣ የሚበላ ዓሣ ነው። የሚኖረው በጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው። የሚራባውም በመጸው ወራት እዚያው ሐይቁ ውስጥ ባለ ድንጋያማ ስፍራ እንጂ ወደ ጅረት በመውጣት አይደለም። በተጨመረባቸው ሐይቆች ውስጥ መቶ ዓመት ያህል ሲቀመጥ ወደ የሎውስቶን ሐይቅ አልተሻገረም ነበር።

በ1994 በጋ ግን አንድ ዓሣ አጥማጅ በየሎውስቶን ሐይቅ ውስጥ አንድ ሌክ ትራውት ያዘ። ይህ ወሬ በፓርኩ አስተዳደር ዘንድ ታላቅ ድንጋጤን ፈጠረ። ዓሣው ከየት እንደ መጣ የታወቀበት ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። በዓሣ ጆሮ ውስጥ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ድንጋይ አለች፤ እሷም እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት ትጨምራለች፤ በቀለበቱም ውስጥ ዓሣው የኖረበት ውሃ ንጥረ ነገር ምልክቱን ይተዋል። ሊቃውንት ይህችን ድንጋይ መርምረው፣ ዓሦቹ ከሉዊስ ሐይቅ እንደ መጡና በ1980ዎቹ ውስጥ ወደ የሎውስቶን ሐይቅ እንደ ተሻገሩ አመለከቱ። ያሻገራቸውም ያለ ሕግ የሠራ የሰው እጅ ነው ተብሎ ይታመናል።

እንግዲህ በዚህ ነገር ውስጥ ሁለት እጆች አሉ። አንደኛው በ1890 በቅን ልቡና የፈረመው የመንግሥት እጅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ በስውር የሠራው የግለሰብ እጅ ነው። የሁለተኛው ጥፋት ይከብዳል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ዓሣውን በቅርብ ባያስቀምጥለት ኖሮ ሁለተኛው የሚያሻግረው ባላገኘ ነበር። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ምሳሌያችን ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

የጥፋቱ መጠን

አንድ ትልቅ ሌክ ትራውት በዓመት ውስጥ 40 ያህል ከትስሮት ሊበላ እንደሚችል ተገምቷል። የአገሩ ዓሣ እንደዚህ ካለ አዳኝ ጋር አብሮ ኖሮ ስለማያውቅ መሸሻውን አልተማረም። በ1998 ደግሞ የዓሣ ጫጩቶችን አከርካሪ የሚያጣምም በሽታ በሐይቁ ውስጥ ተገኘ፤ ተከታታይ የድርቅ ዓመታትም ጅረቶቹን አመነመኗቸው። ሁሉም ተደምሮ የመጣው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። በ1978 ከ70,000 በላይ ዓሣ የተቆጠረበት ክሊር ክሪክ በ2007 ሲቆጠር የተገኘበት ዓሣ 538 ብቻ ነበር።

አንባቢ «ዓሣው ቢለወጥ ምን ቸገረ? በአንድ ዓሣ ፈንታ ሌላ ዓሣ አለ አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ያለው ከላይ በጠቀስነው በዓሣው ጠባይ ላይ ነው። ከትስሮት ወደ ጅረት ይወጣል፤ ከውሃው ፊት አጠገብም ይዋኛል፤ ስለዚህ ድብም ንስርም ይደርሱበታል። ሌክ ትራውት ግን በጥልቁ ውስጥ ተወልዶ በጥልቁ ውስጥ ይሞታል። የሐይቁን ሀብት በልቶ ለምድሩ አንዳች አይመልስም። ከዚህም የተነሣ ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ አሞራ በሐይቁ ዙሪያ ይሠራው የነበረው ጎጆ እየቀነሰ ሄደ። ራሰ ነጩም ንስር ወደ ሌላ አደን አዘነበለ። በጅረቶቹ ዳር ዓሣ ይለቅሙ የነበሩት ድቦችም ፊታቸውን ኤልክ ወደሚባለው አጋዘን ግልገሎች እንዳዞሩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በውሃ ውስጥ የተደረገ አንድ ስሕተት በተራራ ላይ ያለውን አጋዘን ነካው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የውሃው መጥራት ነው። ከትስሮት ይበላቸው የነበሩት ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት በዙ፤ እነሱም በተራቸው ውሃውን የሚያደፈርሰውን አረንጓዴ ልምላሜ በሉት፤ ሐይቁም ከበፊቱ ይልቅ የጠራ ሆነ። ጎብኚው ከዳር ቆሞ «እንዴት ያለ ንጹሕ ውሃ ነው!» ብሎ ሊያደንቅ ይችላል። ያ ንጽሕና ግን የመራቆት ምልክት ነበር። በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለና የተስተካከለ የሚመስለው ነገር ሁሉ ጤነኛ አይደለም። የዓይን ምስክርነት ብቻውን አይበቃምና መቁጠር ያስፈልጋል። በክሊር ክሪክ ላይ ለብዙ ዓመታት ዓሣ የቆጠሩት ሠራተኞች ባይኖሩ ኖሮ የጥፋቱ መጠን እንዲህ በቁጥር ባልታወቀ ነበር።

የማረሙ ሥራ

ዓሣው እንደ ተገኘ የፓርኩ አስተዳደር በመረብ ማጥመድ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ግን ከችግሩ ስፋት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። መጤው ዓሣ ከሚጠመደው ይልቅ የሚራባው ይበልጥ ነበር። በ2008 ከውጭ የተጠሩ ሊቃውንት ሥራውን መርምረው ጥረቱ በብዙ እጥፍ መጨመር እንዳለበት መከሩ። ከ2009 ጀምሮ በሙያው የኖሩ ነጋዴ ዓሣ አጥማጆች በውል ተቀጥረው በትልልቅ ጀልባዎች መሥራት ጀመሩ። የሚጠቀሙበት መረብ ዓሣው ራሱን አስገብቶ በስንጥቡ የሚያዝበት ዓይነት ነው። የአገሩን ዓሣ እንዳይጎዳ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የተያዘው ዓሣ አብዛኛው ለገበያ አይቀርብም፤ የሐይቁ ሀብት ከሐይቁ እንዳይወጣ ተብሎ ወደ ጥልቁ ይመለሳል።

በ2017 ብቻ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሌክ ትራውት ተጠመደ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠመደው ሁሉ ሲደመር ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ወጪውም በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ የሚሸፈነው ከመንግሥት ገንዘብና ከበጎ አድራጊዎች በሚገኝ እርዳታ ነው። ከመረቡ ሌላ አዳዲስ ዘዴዎችም ተፈልገዋል። በአንዳንድ ሌክ ትራውቶች ሆድ ውስጥ ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ተቀብሮ ይለቀቃሉ፤ እነሱም በመራቢያ ወራት ወገኖቻቸው ወደሚሰበሰቡበት ስፍራ ሲሄዱ ሥፍራውን ያሳብቃሉ። ሠራተኞቹ ይህን ዓሣ «ይሁዳ» ብለው መሰየማቸው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። መራቢያው ከታወቀ በኋላ የሞቱ ዓሦች በእንቁላሎቹ ላይ ይጣላሉ፤ ሲበሰብሱም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ስለሚጨርሱት እንቁላሎቹ ታፍነው ይሞታሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ዘንግ የያዘው ተራ አጥማጅም ድርሻ አለው። ዛሬ በየሎውስቶን ሐይቅ ላይ ለሚያጠምድ ሰው ሁለት ተቃራኒ ሕጎች ተደንግገውለታል። ከትስሮት ከያዘ ሳይጎዳ ወዲያው መልቀቅ አለበት፤ ሌክ ትራውት ከያዘ ግን በሕይወት ወደ ውሃው እንዲመልሰው አይፈቀድለትም። መንጠቆው ሾህ የሌለው መሆን አለበት፤ ሕይወት ያለው ማባበያም የተከለከለ ነው። ስለዚህ በእጁ የያዘው ዓሣ የትኛው መሆኑን መለየት ግዴታው ነው። ከዚህም በላይ ፓርኩ የያዙትን እየመዘገቡ እንዲያስታውቁ አጥማጆችን ይጠይቃል። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ የዝንብ አጥማጆች ለሊቃውንቱ ምርመራ የሚሆን ዓሣ በዘንጋቸው ሲሰበስቡ ቆይተዋል። የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ የሰጠው ማን እንደ ሆነ ስናስታውስ ይህ ተገቢ ነው፤ በ1994 አደጋውን ለመሥሪያ ቤቱ ያሳወቀው የአንድ አጥማጅ መንጠቆ ነበርና።

የሚነሡት ተቃውሞዎች

ሥራውን የሚነቅፉ ሰዎች አልጠፉም፤ አሳባቸውም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። የመጀመሪያው ነቀፌታ የገንዘብ ነው። በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ለዓሣ ሲወጣ ለሌላ ሥራ ሊውል የሚችል ገንዘብ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ሁለተኛው የርኅራኄ ጥያቄ ነው። ሌክ ትራውት ሰው ያመጣው እንጂ በራሱ ፈቃድ የመጣ አይደለም፤ ታዲያ በሚሊዮን የሚቆጠር ፍጥረት ለሰው ጥፋት ስለ ምን ይሞታል? ሦስተኛው ነቀፌታ ግን ከሁሉም የከበደ ነው። መጤውን ከዚህን ያህል ሰፊ ሐይቅ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ የሚቻለው ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። እንግዲያስ ፍጻሜ የሌለው ሥራ መጀመር ጥበብ ነውን?

ለሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሚሰጠው የሌክ ትራውት የራሱ ታሪክ ነው። ይህ ዓሣ በትውልድ ስፍራው በታላላቅ ሐይቆች ውስጥ፣ ደም በሚመጥ ላምፕሬይ በሚባል መጤ ፍጥረትና ከመጠን ባለፈ ማጥመድ ምክንያት በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። መንግሥትም እንዲመለስ ብዙ ደክሟል። ከሁሉ የሚደንቀው፣ በ1890 ወደ ሉዊስ ሐይቅ የተወሰደው ዘር ለዚህ ሥራ ተፈልጎ ወደ ታላላቅ ሐይቆች እንዲመለስ መደረጉ ነው። አንዱ ዓሣ በአንድ አገር ውስጥ በአንድ ስፍራ በእንክብካቤ ያድጋል፤ በሌላ ስፍራ በመረብ ይለቀማል። ይህም የሚያሳየን ክፉ ዓሣ የሚባል አለመኖሩን ነው። የጎደለው የስፍራ ተገቢነት ነው፤ ስፍራውን ያዛባውም ሰው ስለ ሆነ፣ የማስተካከሉም ከባድ ሸክም የሰው ነው።

ስለ ገንዘቡና ስለ ሥራው ማለቂያ ማጣትም እንዲህ ማለት ይቻላል። መንገድ ይጠገናል፤ ዝናብ ሲመጣ ይፈርሳል፤ እንደገና ይጠገናል። የከተማ ጽዳትም፣ የወባ መከላከልም እንዲሁ ነው። ብዙው የመንግሥት ሥራ መደምደሚያ የሌለው ጥበቃ ነው። የየሎውስቶን ሐይቅ ሥራም ዋጋው የሚለካው መጤው ጨርሶ በመጥፋቱ ሳይሆን የአገሩ ዓሣ በመትረፉ ነው። በዚህ በኩል ምልክቱ መልካም ነው፤ ትልልቆቹ ሌክ ትራውቶች እየቀነሱ መጥተዋል፤ ወጣት ከትስሮቶችም ከበፊቱ በበለጠ ብዛት ታይተዋል። ወደ 1978ቱ ብዛት ግን ገና አልተደረሰም።

ዛሬ የሚያሰጋው ነገር መረቡ አለመሥራቱ ሳይሆን በድካም ወይም በበጀት ምክንያት መቆሙ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ማጥመዱ ለጥቂት ዓመታት ቢላላ መጤው ተመልሶ ይበዛል፤ የሠላሳ ዓመት ድካምም ይባክናል። በ2025 የካቲት ወር የአሜሪካ መንግሥት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የብሔራዊ ፓርኮች ሠራተኞችን ማሰናበቱና ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት መድረሱ፣ እንዲህ ያለው ረጅም ሥራ በየዓመቱ በሚለዋወጥ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አስታውሷል። ዓሣው የሚራባው በመጸው ነው፤ የበጀት ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

ነገሩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ፣ በዌብ ወንዝ ጭምር፣ የሚገኘው ትራውት ባለፈው መቶ ዓመት ከኬንያ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ ኬንያም ያገኘችው ከባሕር ማዶ ነበር። ዓሣው ጎብኚ ይስባል፤ ለአካባቢውም ሰው ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላው፣ ከወንዝም ወደ ሐይቅ በባልዲ የሚወስደው ሰው እንዳይነሣ የሚጠብቅ ዓይን ያስፈልጋል። የየሎውስቶን ታሪክ የሚያስተምረው ችግር የሚመጣው በመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን በመቶኛው ዓመት ሊሆን እንደሚችል ነው።

የጣና ሐይቅም ምሳሌ በአጠገባችን አለ። በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ የሚባሉትና ብዙዎቹ ዓይነቶቻቸው በሌላ ስፍራ የማይገኙት የጣና ዓሦች፣ እንደ ከትስሮት ሁሉ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎችም ወንዞች ሊራቡ ይወጣሉ። በ1980ዎቹ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ፣ ዓሦቹ በወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ ስለሚጠመዱ ቁጥራቸው በእጅጉ መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳውቀዋል። በዚያ በአሜሪካ ሐይቅ ያጠፋው መጤ ዓሣ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን መረቡን የሚጥለው ለልጆቹ እንጀራ የሚፈልግ ሰው ነው። ስለዚህ መፍትሔው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። አጥማጁን ጠላት አድርጎ ሳይሆን፣ በመራቢያው ወራት መረቡን ቢያነሣ ነገ የሚያገኘውን ጥቅም አስረድቶና ለእነዚያ ወራት ኑሮውን አስቦ መሥራት ይገባል።

ወጣቱ ባለሥልጣን ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ሊይዝ ይችላል። አንደኛ፣ የማይመለስ ነገር ከመፈረሙ በፊት «ይህ ከታሰበለት ስፍራ ቢወጣ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ነገሩ ደኅና በሚመስልበት ጊዜም መቁጠርና መመዝገብ አይተው፤ ከሐይቁ ዳር ያለውም ተራ ሰው ያየውን ሲነግረው ያድምጥ። ሦስተኛ፣ ስሕተቱ ከእሱ በፊት በነበሩት የተሠራ ቢሆንም እንኳ ማረሙ የእኔ ሥራ አይደለም አይበል። በ1890 የፈረሙት ሰዎች በሕይወት የሉም፤ ዕዳቸውን የሚከፍሉት ግን ዛሬ በቀዝቃዛው ውሃ ላይ መረብ የሚጎትቱት ሠራተኞች ናቸው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በከንቱ አይደለም። በ1980ዎቹ ጥቂት ዓሣ ይዞ የሚሄደውን አንድ ሰው የሚያስቆም አንድ ዘበኛ በስፍራው ቢገኝ ኖሮ ወጪው የአንድ ቀን ደመወዝ ብቻ በሆነ ነበር። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ሥራው ጀልባ፣ መረብ፣ ሊቃውንትና ሠላሳ ዓመት ጠይቋል፤ አሁንም ይጠይቃል።